የዘይነባ ስድስት ብርጭቆዎች

ፎቶውን ከፊቴ አንሺልኝ። አይቼዋለሁ። ልጄ ምሥራቅም ልካልኛለች፣ የልጅ ልጄ ቤዛም ልካልኛለች፣ አሁን ደግሞ አንቺ ከጓሮ ክፍልሽ ድረስ ስልክሽን ይዘሽ መጣሽ። «እትዬ አስካለ፣ ብርጭቆ ከፍ አድርገው እንዴት ያምርብዎታል» ትይኛለሽ። ከሥሩ ምን ተብሎ እንደተጻፈ አንብቢዋ። «አያት ሲመርቁ።» መቼ ነው የመረቅሁት? አንድ ቃል ምርቃት ከአፌ ከወጣ ምላሴ ይቆረጥ።

ቁጭ በይ እስኪ። ቆመሽ አይሆንም። ስልክሽን ቡፌው ላይ አድርጊው፤ መቅዳትም ከፈለግሽ ቅጂው፣ አልፈራም። ምሥራቅ ትስማው። ልጄ ናት፣ ትስማው።

በእኛ ጊዜ ጠረጴዛ የሚሰናዳው ለሚቀመጥበት ሰው ነበር። ለሌላ ለማንም አልነበረም። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይቀዳለታል፣ ይጠጣል። በቃ። እሁድ ዕለት ያየሁትን ግን በዚህ ዕድሜዬ አይቼው አላውቅም፤ የተቀዳ ነገር «እንዳትጠጡ» ሲባል።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

*

ብርጭቆዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ያየሻቸው ናቸው፤ ቀይ ጽጌረዳ ያለባቸው፣ አፋቸው ዙሪያ ቀጭን ወርቃማ መስመር የዞረባቸው። የዘይነባን ባል አታውቂውም፣ አንቺ ሳትመጪ ነው የሞተው። ሐጂ ነበር የምንለው። እዚህ ቡራዩ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ነበረው፤ እና አንድ ቀን ዕቃ ሊጭን መርካቶ ወርዶ እነዚህን አሥራ ሁለቱን በአንድ ካርቶን ይዞ መጣ። አንድ ካርቶን ብቻ። እኔ ገና ሲያወርድ አየሁትና «ይህ የእኔ ነው» አልኩ። ዘይነባ ከውስጥ ወጣች፤ «የምን ያንቺ፣ ለቤቴ ነው ያመጣው» አለች። ታዲያ ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ ሁለታችንም ልጅ አዝለን፣ ሱቅ በር ላይ ቆመን ልንጣላ። ሐጂ ሳቀብን። «ስድስት ስድስት ተካፈሉ፤ እንግዳ የመጣ ጊዜ አንድ ላይ አድርጉት» አለን።

እንዲያ ሆነ። ዘይነባ ነጭ የጥፍር ቀለም ከአንዲት ዘመዷ ተቀብላ የስድስቱን ሥር አንዳንድ ነጥብ አደረገችበት፤ ያለ ነጥቡ የእኔ ነው፣ ነጥብ ያለው የእሷ ነው። እና ብርጭቆው ለብቻው ከቤት አይወጣም። እኔ እንግዳ ሲኖረኝ ዘይነባ ስድስቱን በፎጣ ጠቅልላ ይዛ ትመጣለች፣ ራሷ ትደረድራለች፣ ራሷም ትቀመጣለች። እሷ እንግዳ ሲኖራት እኔ እንዲሁ። ልጅ ልኮ «ብርጭቆ ስጡን» ማለት በእኛ ዘንድ አልነበረም። ብርጭቆው የሚሄደው ከባለቤቱ ጋር ነው። የምሥራቅ ክርስትና፣ የእሷ ልጆች ኒካህ፣ የእኔ ፋሲካ፣ የእሷ ኢድ፣ ሁሉም በአሥራ ሁለት ብርጭቆ። አንድ አልተሰበረም። አንድ።

ታዲያ ያኔ ሐጂ ሱቅ በር ላይ አካፍሎን ስንለያይ ዘይነባ ክንዴን ያዝ አድርጋ አንድ ነገር ለመነችኝ። «አስካለ፣ የሚያሰክር ነገር አታድርጊባቸው» አለችኝ። «በእኔዎቹ?» አልኳት። «በሁሉም፤ አንድ ላይ አይደል የሚቀመጡት» አለች። «ቃሌ ነው» አልኳት። እና ጠላ በሌላ፣ ጠጅ በብርሌ፤ በእነዚህ ግን ቃሪቦ፣ ብርዝ፣ ለስላሳ፣ ውሃ። የልጆቼ አባት እንኳ፣ ያን ያህል አረቄ የሚወድ ሰው፣ አንድ ቀን እጁን ወደ ቡፌው ሲሰድ «ተው» አልኩትና ተወ። የሰከረ ሰው የጠበቀውን ቃል ነው ልጄ የሰበረችው።

አየሽ፣ የእኔን ሥጋ ዘይነባ አትበላም፣ የእሷን ሥጋ እኔ አልበላም። ያለ ነገር ነው፣ ማንም ተጣልቶበት አያውቅም። ድግስ ሲኖረኝ ለእሷና ለዘመዶቿ ሐጂ ራሱ መጥቶ የሚያርደው በግ ነበረ፤ ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ። ብርጭቆው ግን አንድ ነው። አንድ ላይ ከንፈራችንን ያሳረፍንበት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

*

ከዚያ ምሥራቅ ከሱሉልታ ደወለች። ያን አዲሱን ቤት ታውቂው የለ፣ ደረጃው የሚያንሸራትተውን።

«እማዬ፣ እነዚያ የአበባ ብርጭቆዎች አሉ?»

«አሉ።»

«አሥራ ሁለቱም?»

«ስድስቱ እኔ ጋ ነው፣ ስድስቱ ዘይነባ ጋ ነው። አድገሽበት የለም እንዴ?»

«አይ፣ ዲኮር የምትሠራልን ልጅ ፎቶውን አሳየኋትና በጣም ወደደችው። አሁን የሚፈለገው ቪንቴጅ ነው አለችኝ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«አሮጌ ማለት ነው እማዬ፤ ግን ቆንጆ አሮጌ።»

«እንግዲያው እኔንም አሰልፊኝ» አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስቄ ነው ነገሩን የጀመርኩት።

የምሥራቅን ልጅ ቤዛን የጠየቁት ሽማግሌዎች መልስ ሊሰሙ የሚመጡበት ቀን ነበር፣ እሁድ። መልሱ እሺ እንደሆነ ታውቋል፤ ልጁም ደህና ልጅ ነው፣ የጫንጮ ልጅ፣ እሱ ላይ አንዳች ነገር የለኝም። እና ወደ ዘይነባ ሄድኩ። ጉልበቷ እንደምታውቂው ነው፤ እያነከሰች ተነሳች። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጃችን ደረሰችልን» አለች። ልጃችን ነው ያለችው። ስድስቱን አወጣች፣ አንድ በአንድ አጠበች፣ አደረቀች፣ በፎጣ ጠቀለለች። «አሁኑኑ ይዘሽው ሂጂ፣ እኔ እሁድ ተሸክሜ ታክሲ መውጣት አልችልም» አለችኝ። ከዚያ «በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» አለች።

«እነግርሻለሁ» አልኳት።

ምን ልበላት? ምሥራቅን ገና አልጠየቅኋትም። የሚጠየቅ ነገር ነው ብዬም አላሰብኩ።

ማታ ደወልኩላት። «ዘይነባና እኔ አንድ ላይ እንመጣለን፣ መኪና ላኪልን» አልኳት።

«እማዬ፣ ወንበሩ እኮ አሥራ ሁለት ነው።»

«ታዲያ?»

«ስድስት የእነሱ፣ ስድስት የእኛ። የእኛ ሞልቷል።»

«ማን ሞላው?»

ቆጠረችልኝ። እሷ፣ ባሏ፣ ቤዛ፣ የባሏ ወንድም፣ እኔ፣ ደግሞ አንድ የባሏ አለቃ። አለቃ። ቤዛን አንድ ቀን አቅፎ የማያውቅ የመሥሪያ ቤት አለቃ። ዘይነባ እኮ ምሥራቅን ኩፍኝ የያዛት ጊዜ እኔ አራስ ነበርኩና ሁለት ሳምንት ቤቷ ወስዳ ያስታመመቻት ሴት ናት።

«ደግሞ እትዬ ዘይነባ ብትመጣም ምንም አትበላ፣ ትቸገራለች» አለችኝ።

ሰማሽ? አትበላም። በዚህ ሁሉ ዓመት ቤቴ ምን ስትበላ ኖረች? አየር?

«በሰርጉ እንጠራታለን፣ ቃል እገባልሻለሁ» አለች። «ብርጭቆው ደግሞ አይዞሽ፣ ለፎቶ ብቻ ነው፤ አንድ ነገር አይቀዳበትም። ለመጠጫ ሌላ አለን።»

ለፎቶ ብቻ ነው ስትለኝ እሺ አልኩ።

ምን አልሽ? ለዘይነባ ደወልኩላት ወይ?

አልደወልኩም። ስልኬ ካርድ አልነበረውም።

ነበረው። ነበረው፣ ምን ልዋሽሽ። ነገ እደውላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እደውላለሁ አልኩ፣ እሁድ ሆነ። ግን ጥፋቱ የእኔ ነው እንዴ? ወንበር የቆጠርኩት እኔ ነኝ?

*

እሁድ መኪና መጣልኝ፣ ሱሉልታ ወሰደኝ። ገባሁ። ጠረጴዛውን ባየሽ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ምን አንጥፋበታለች መሰለሽ፣ ጆንያ። ጤፍ የሚመጣበት ጆንያ። «ልጄ፣ ጨርቁ አልደረሰም?» አልኳት ያቺን የዲኮር ልጅ። «ማዘር፣ ይሄ ነው ጨርቁ» አለችኝ። ደረቅ ሣር በማሰሮ አቁማለች፣ በጠራራ ፀሐይ ሻማ አብርታለች። በየቦታው ስም የተጻፈበት ካርድ አለ። የእኔ ላይ «አያት» ይላል። ስም እንደሌለኝ።

አሥራ ሁለቱ ብርጭቆዎች ግን ያምሩ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ያምሩ ነበር። ፀሐይ ገብቶባቸው ጽጌረዳው ጆንያው ላይ ቀይ ጥላ ይጥላል። አንዷ ዘመም ብላ አየኋትና ላስተካክላት እጄን ብሰድ፣ «ማዘር፣ እሱን እንዳይነኩት፣ ሰልፉ ይበላሽብኛል» አለችኝ። ከመርካቶ ሲወርድ የተሻማሁበትን ብርጭቆ እንዳልነካ። ዋጥኩት።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ትልቁ ኦቦ ቱሉ ይባላሉ፤ ከጫንጮ ናቸው፣ ረጅም፣ ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ። «አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ቆመው ጠየቁ፣ እሺ ተባለ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ደስ አለኝ፤ ዘይነባ ብትኖር ከሁላችን በላይ እልል የምትለው እሷ ነበረች። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተባልን። ሁሉም ካርዱን ፈልጎ ተቀመጠ።

ፎቶ አንሺው አየ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ያቺ የዲኮር ልጅ ጠጋ አለችና «ባዶ ብርጭቆ ፎቶ ላይ አይወጣም፤ ቀይ ወይን ይግባበት፣ ከአበባው ጋር ይሄዳል» አለች። እኔ ነገሩ ሳይገባኝ ጓንት ያጠለቀው አስተናጋጅ መጣና ቀዳ። ቀዳ፣ ቀዳ፣ ቀዳ። አሥራ ሁለቱን።

ምሥራቅን አየኋት። ወደ ጣሪያው ታያለች።

ኦቦ ቱሉ ከንጋት ጀምሮ መንገድ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው፣ የተቀዳላቸውን አንስተው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ያቺ የዲኮር ልጅ «አባባ፣ አባባ፣ ቆይ፣ እንዳይጠጡት፣ ለፎቶ ነው» ትላቸዋለች። እሳቸውም እጃቸው አየር ላይ ቀረና «የተቀዳ አይጠጣም እንዴ?» አሏት። «ከፎቶ በኋላ ውሃ ይመጣልዎታል» አለቻቸው። እኚያን የመሰሉ ሰው፣ ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሰው፣ ብርጭቋቸውን እንደተቀጣ ተማሪ መልሰው አስቀመጡ።

እኔ ፊቴ ያለውን አሰብኩ። የእኔ ነው? ወይስ የዘይነባ? ተደባልቀዋል እኮ። ነጥቡ ያለው ከሥር ነው። ወይኑ ሞልቷል፣ መገልበጥ አይቻልም። ታዲያ ተነሳሁና ሥሩን ለማየት ብርጭቆውን ከዓይኔ በላይ ከፍ አደረግሁት።

ነጥብ አለው።

እኔ ነጥቡን አያለሁ፣ ኦቦ ቱሉ ደግሞ «ተነሱ፣ እናታችን ሊመርቁን ነው» ብለው ብድግ አሉ። ሁሉም ብድግ አለ፤ አለቃውም፣ አማቼም፣ ሁሉም ብርጭቋቸውን እንደ እኔ ከፍ አደረጉ። ፎቶ አንሺው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ያየሽው ፎቶ ያ ነው። «አያት ሲመርቁ።» አያት ነጥብ ሲቆጥሩ በይው። ሁሉም ከፍ ስላደረጉት ሥሩ ታየኝ እና ቆጠርኩ፤ የእኔ አንድ፣ የኦቦ ቱሉ ሁለት፣ የአለቃው ሦስት... ስድስቱም። ስድስቱም ወይን ጠጥተዋል።

«አሜን እንድንል ይናገሩ እንጂ» አሉኝ ኦቦ ቱሉ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ። «ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ የሰው ናቸው፤ መመለስ አለብኝ።» እና ጠረጴዛውን ዞርኩ። የእኔን ወይን ያ ደረቅ ሣር ያለበት ማሰሮ ውስጥ ደፋሁት፣ ቀጥሎ ያለውን ተቀብዬ ደፋሁት፣ ቀጥሎ ያለውን። ያቺ የዲኮር ልጅ አፏን በእጇ ያዘች። ምሥራቅ ለሰው እየሳቀች በጥርሷ መሃል «እማዬ፣ ምን እየሆንሽ ነው፣ አዋረድሽኝ እኮ» ትለኛለች። «ለፎቶ ብቻ ነው አላልሽኝም?» አልኳት። «ለፎቶ እኮ ነው የተቀዳው፣ ማን ጠጣው?» አለችኝ።

ይህን መልስ ስሚልኝ። ማን ጠጣው። ቢጠጣ ይሻል ነበር። የጠማው ሰው ጠጥቶት ቢሆን፣ አላወቀም፣ ጠማው እላለሁ። ለጌጥ። ለቀለም። የእኔ ቃል ለቀለም ተደፋ።

ኦቦ ቱሉ ያላቸውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «የማን ናቸው?» አሉኝ።

«የጎረቤቴ።»

«እሷስ የት አለች?»

ምሥራቅ ጆንያውን ታስተካክላለች። እኔም የሰጡኝን ተቀብዬ ደፋሁ።

*

ስድስቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ። መኪና አልጠየቅኋቸውም። ቤዛ በር ድረስ ተከትላኝ «እማማዬ፣ በእኔ ቀን» አለችኝ፤ እሷ ታሳዝነኛለች፣ እሷ አላወቀችም። ግን ሄድኩ። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ። ረዳቱ «ማዘር፣ ዕቃውን ከታች አድርጊው፣ ለሰው ቦታ ልቀቂ» አለኝ። «አላደርግም፤ ከፈለግህ እኔን ከታች አድርገኝ» አልኩት። ሰው ሳቀ። ነጠላዬ በወይኑ ርሶ የታረደ ነገር የያዝኩ ነው የምመስለው፤ አጠገቤ ያለችው ሴት እየሸሸች እየሸሸች መስኮቱ ላይ ተለጠፈች።

ቤቴ ገባሁ። ቧንቧው ሥር ተቀምጬ አጠብኳቸው። በሳሙና አጠብኩ፣ በሎሚ አጠብኩ፣ አሽትቼ ደግሜ አጠብኩ። ነጠላዬን ለወጥኩ። በዘይነባ በዚያች ፎጣ መልሼ ጠቀለልኳቸው። ጥርት ብለዋል፤ ብታሸቺያቸው የሎሚ ሽታ ብቻ ነው። እና ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ልንገራት? ማን ያውቃል? ምሥራቅ አትነግራት፣ ጫንጮ ያሉት ሽማግሌ አያውቋት። «አመሰግናለሁ» ብዬ ሰጥቼ መመለስ ነው። ቁጭ ብዬ አሰብኩ፣ ተነስቼ ሄድኩ፣ ከአጥሩ ተመለስኩ፣ ደግሜ ሄድኩ።

አንኳኳሁ። ቶሎ ከፈተችው። በዚያ ጉልበቷ ቶሎ ከፈተችው። ለድግስ የምትለብሰውን ያን ቡናማ ቀሚሷን ለብሳለች፣ የወርቅ ጉትቻዋን አድርጋለች፣ ሻሿን አሳምራ አስራለች። እቤቷ ውስጥ ጫማ አድርጋለች፤ ዘይነባ እቤቷ ውስጥ ጫማ አድርጋ አይቻት አላውቅም።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ» አልኩ። ከዚያ ሁሉን ነገርኳት፤ በር ላይ እንደቆምኩ ነገርኳት። ለፎቶ ነው ብለውኝ ነበር አልኳት፣ ወይን ቀዱበት፣ ማንም አልጠጣም፣ ደፋሁት፣ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ ቃሌን አስበሉኝ፣ ልጄን አልምራትም። እንዲህ እንደ አሁኑ ተቆጥቼ ነበር የማወራት። እሷ አልተቆጣችም። ፎጣውን ከእጄ ወሰደችው፣ አልፈታችውም፣ አልቆጠረችም፣ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ብርጭቆስ ይታጠባል» አለችኝ።

ግቢ እስክትለኝ ቆሜ ጠበቅሁ። በሩ ተዘጋ።